የሲሚንቶ ዜማ

ድምፄ ሩቅ አይሄድም። ይህን የምለው ለማማረር ሳይሆን የሚከተለው ጣጣ ሁሉ የሚነሳው ከዚሁ ስለሆነ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ መምህሩ ስም ሲጠራ "አቤት" ብዬም ቀሪ እባል ነበር። ጓደኞቼ አዝነውልኝ በእኔ ፈንታ "አቤት" ማለት ሲጀምሩ መምህሩ ቀና ብሎ "እሷማ እንዲህ አትጮህም፤ ዛሬም የለችም ማለት ነው" አለና ቀሪነቴን አጸናው። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት ስለማይሆንልኝ ሌላ ሰው እስኪወርድ ጠብቄ ተከትዬው እወርዳለሁ። በዚህ ምክንያት አዲስ አበባን ከብዙ ሰው በተሻለ አውቃታለሁ።

መሥሪያ ቤቴ ታዲያ ከተመራቂዎቹ ሁሉ መርጦ እኔን ወደ ጂንካ ላከኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ የተመደበ ሰው ይሄዳል እንጂ አይከራከርም፤ እኔ ደግሞ ብከራከርም አልሰማም ነበር። ሥራው ከከተማዋ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የውሃ ማጠራቀሚያ ገንዳ ማሠራት ነው። ማሠራት ማለት፣ ለማያውቀው ሰው፣ ከጠዋት እስከ ማታ መጮህ ማለት ነው።

የሄድኩት ሲሚንቶ በጫነ መኪና ነበር። ቀይ አፈር የምትባለው ከተማ ስንደርስ የገበያ ቀን ሆኖ ሹፌሩ ፍየሎች ገዛና ከሲሚንቶው ላይ ጫናቸው። ፍየሎቹ ከረጢቱን እንዳያረጥቡት አንድ ነገር ልበለው፣ አሁን ልበለው፣ እሺ አሁን ልበለው እያልኩ ጋቢና ውስጥ ሳመነታ ጂንካ ገባን። በኋላ አንዳንዱ ከረጢት ሲከፈት ድንጋይ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ በመንገድ የተሻገርናቸው ወንዞች ይሁን ወይም የፍየሎቹ እስካሁን አላውቅም። ብቻ ሲሚንቶ አነሰን። ይህን ያዙልኝ።

ጂንካ ደግ ከተማ ናት። መሃሏ ላይ ሣር የለበሰ የአውሮፕላን ማረፊያ ተዘርግቷል። አውሮፕላን በሌለበት ቀን ከብት ይግጥበታል፤ አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን ከብቱን የሚያባርሩ ሰዎች ይወጣሉ። ከብቶቹ ግን ሜዳው የማን እንደሆነ ያላቸው አስተያየት የተለየ ነው። ይህንንም ያዙልኝ።

ከተማዋ ያልነበራት ውሃ ነበር። ሴቶቹ ወንዝ ወርደው፣ ቀድተው፣ ዳገቱን በእንስራ ይወጡታል። ገንዳው ተሠርቶ ውሃ ከያዘ ከታች ቦኖ ሊተከል ታቅዷል፤ አንደኛው ቦኖ ደግሞ የሚቆመው ከራሔል ደጃፍ ፊት ለፊት ነው። ራሔል የአገሬው የአሪ ብሔረሰብ ልጅ ናት፤ ከእኛ ጋር የቀን ሠራተኛ ሆና ጠጠር ትሸከማለች። ሥራ ከመግባቷ በፊት ወንዝ ደርሳ ትመጣለች፤ ከሥራ ስትወጣም ወደዚያው ትሄዳለች። ቦኖው የሚቆምበትን ቦታ ችካል ስተክል እንዳየችኝ፣ አጥሯን ፈትታ ለወረፋ የሚመች ሰፊ ደጅ አዘጋጀች። ገንዳው ገና መሠረቱ እንኳ አልወጣም። ያንን የተፈታ አጥር ላለማየት በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

አሁን ስለ ኮንክሪት ትንሽ ልንገራችሁና እንገላገል። ኮንክሪት ሲፈስ በውስጡ አየር ይዞ ይገባል። አየሩ ሳይወጣ ከደረቀ ግድግዳው ቀዳዳ ቀዳዳ ይሆናል። የአጥር ግድግዳ ቢሆን ያሳፍራል እንጂ አይገድልም፤ የውሃ ገንዳ ከሆነ ግን አለቀ፤ ውሃ ቀዳዳ ፈልጎ ለማግኘት ዲግሪ አያስፈልገውም። ስለዚህ እርጥብ እያለ መጠቅጠቅ አለበት። ጥቅጠቃው ሲያንስ አየሩ ይቀራል። ሲበዛ ደግሞ ጠጠሩ ወደ ታች ይዘቅጥና፣ ጠላ ሲያድር ጠላውና አተላው እንደሚለያየው፣ ከላይ ቀጭን ከታች ወፍራም ይሆናል። ልኩን ማግኘት ነው ሥራው።

ለዚህ የሚሆን ቫይብሬተር የሚባል ማሽን አለ፤ ኮንክሪቱ ውስጥ ሲያስገቡት እያንቀጠቀጠ አየሩን ያስወጣል። ከእኔና ከፍየሎቹ ጋር አብሮ መጥቶ ነበር። ኮረብታው ላይ ስናስነሳው አንዴ አጉረመረመ፣ ሰማያዊ ጭስ ተፋ፣ ከዚያ በኋላ የዘበኛው ዶሮ እንቁላል ትጥልበት ጀመር። ለዋናው መሥሪያ ቤት ሌላ ላኩልን ብንል ባለው ተጠቀሙ ተባልን። ያለው ፌሮ ነው፤ እንደ ዘነዘና ቁልቁል የሚወቀጥበት ረጅም ብረት። በሰው እጅ ሊጠቀጠቅ ሆነ። ጀምሩም በቃም የምለው ደግሞ እኔ ነኝ።

ከገንዳው ጎን ለልምምድ የሚሆን አጭር ግድግዳ አስሞላሁ። ሰዓቴን አየሁና "ጀምሩ" አልኩ፤ ማንም አልጀመረም። በእጄ ሳሳይ ጀመሩ። "በቃ" አልኩ፤ ማንም አላቆመም። ይሄኔ የሠራተኞቹ አለቃ ጋሽ ባሳ ድምፅ ማጉያዬ ሊሆን ራሱን ሾመ።

ጋሽ ባሳ ከወላይታ መጥቶ እዚያው የቀረ ግንበኛ ነው። ብቻችንን ስንሆን ልጄ ይለኛል፤ ሰው ፊት ኢንጅነር ይለኛል። ድምፁ ያለ ስልክ ሩቅ ካለችው ዲመካ ከተማ ይደርሳል። አንድ ችግር ብቻ አለበት፤ ቃል እንደተቀበለው ማስተላለፍ አይችልም። እኔ በጆሮው "እዚህ ጋ ትንሽ ቀስ ቢሉ" እላለሁ። እሱ ጉሮሮውን ይጠርግና፣ ኢንጅነሯ እጅግ መቆጣቷን፣ እንዲህ ተቆጥታ አይቷት እንደማያውቅ፣ ይህን ሁሉ ዓመት የተማረችው የእናንተን ስንፍና ለማየት እንዳልሆነ ይነግራቸዋል። ሠራተኞቹ ደንግጠው ያዩኛል፤ እኔ ከእነሱ ብሼ እደነግጣለሁ። ንግግሩ እስኪያልቅ ቦታው ጠላና አተላ ይሆናል።

በዚህ መሃል የቱ ጋ እንደሚጠቀጠቅ ላሳይ ጎንበስ ስል ሰዓቴ ከእጄ ሾልካ ኮንክሪቱ ውስጥ ገባች። አባቴ ለምርቃቴ የሰጠኝ ሰዓት ናት። ሁሉም ሊፈልግልኝ ፌሮውን ይዞ እዚያው ቦታ ላይ ተረባረበ።

ግድግዳው ደርቆ ቅርጽ ያስያዘው ጣውላ ሲነሳ እንደ ቀፎ ተቦርቡሯል። ጋሽ ባሳ ዞሮ ዞሮ አየውና ንብ ብንጠራ ዛሬውኑ ይገባል አለ። አሪዎቹ በንብ ነገር ቀልድ አያውቁም፤ ተጠግተው በቁም ነገር ከመረመሩት በኋላ ለንብ ይቀዘቅዛል ብለው ፈረዱ። በመዶሻ ስናፈርሰው ሰዓቴ ተጨፍልቃ ወጣች። ከግድግዳው ሁሉ በደንብ የተጠቀጠቀው እሷ የነበረችበት ቦታ ብቻ ነበር።

ያኔ የቀረው ሲሚንቶ ተገመተ። ለገንዳው አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ለስህተት የሚተርፍ የለም። ከበላይ የመጣው ትእዛዝም ግልጽ ነበር፤ ገንዳው ውሃ ካፈሰሰ ሥራው ይዘጋል፣ ዕቃውም ሠራተኛውም ወደ ሌላ ቦታ ይዞራል። እኔ አዲስ አበባ እመለሳለሁ። ራሔል ወደ ወንዙ ትመለሳለች፤ ያውም አጥሯን ፈትታ።

ከዚያ በኋላ በአሸዋ ማለማመድ ጀመርን። አንድ ቀን ምሳ ተበልቶ እንደተመለስን ራሔል ፌሮ ይዛ ሳታስበው ማንጎራጎር ጀመረች፤ አጠገቧ ያሉት ተቀበሏት። ፌሮዎቹ አብረው ወጡ፣ አብረው ወረዱ። ስንኙ ሲያልቅ ሁሉም ብረቱን ከፍ አድርገው ተነፈሱ፤ ከዚያም ፈንጠር ብለው ሌላውን ጀመሩ። እኔ አሸዋውን እያየሁ ደርቄ ቀረሁ። ትንሽ ኮንክሪት አስቦክቼ እንዲደግሙት ለመንኳቸው። ስንኙ ሊያልቅ ሲል የአየሩ አረፋ ቆመ፣ የኮንክሪቱም ፊት ወዝ አወጣ። ልኩ እሱ ነበር። ፍጥነቱን ትንሽ ዝቅ፣ ትንሽ ከፍ እያስደረግሁ ሞከርኩ፤ ራሔል በራሷ ፍጥነት ስትዘምረው ነው ልክ የሚመጣው።

ምን መዝሙር እንደሆነ ጠየቅኋት። ፌሮዋን ዝቅ አደረገች። ሌሎቹም ሥራቸውን ትተው እርስ በርስ ተያዩ። የእነራሔል ጸሎት ቤት ከተዘጋ ቆይቶ ነበር፤ ያን ጊዜ በየቦታው ብዙ ተዘግቷል። ሰው በቤቱም ቢሆን የሚዘምረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው። የሚዘምሩበትን የአሪ ቋንቋ ባልሰማም ጥያቄዬ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

"የሲሚንቶ ነው" አለች ራሔል መሬት መሬት እያየች።

"እንግዲያው ለሲሚንቶ ይዘመርለት" አልኳት።

የሰማችኝ እሷ ብቻ ናት። ድምፄ በልኩ የሆነበት የመጀመሪያው ቀን ይመስለኛል።

የሙሌቱ ቀን ገና ጎህ ሲቀድ ተጀመረ። የገንዳ ግድግዳ አንዴ ከተጀመረ አይቋረጥም። መሃል ላይ ከቆመ የታችኛው ይደርቅና የላይኛውን አልቀበልም ይላል፤ ውሃም በዚያ ስፌት በኩል ይወጣል። አንዱ ያቦካል፣ አንዱ በባልዲ ያቀብላል፣ ከላይ ያሉት ያፈስሳሉ፣ ፌሮ የያዙት አንድ ቦታ ላይ አንድ ስንኝ እየዘመሩ ይጠቀጥቃሉ። እኔ መሰላል ላይ ቆሜ አያለሁ። ጋሽ ባሳ የሚያስተላልፈው ቃል አጥቶ ቅር ብሎታል። ግድግዳው ወገብ ድረስ ደረሰ። በሕይወቴ እንደዚያ ሳልናገር ሰው የታዘዘልኝ ጊዜ የለም።

በዚያን ቀን ግን ከአርባ ምንጭ በአውሮፕላን እንግዶች ይመጡ ነበር። እነሱን የሚቀበለው ወጣቱ ካድሬ ገና በጠዋት መጥቶ የጣውላውን ቅርጽ የሚያቆመውን አናጢያችንን ከነረዳቶቹ ከብት እንዲያባርሩ ወስዶብን ነበር። እንቢ ልለው አስቤ ነበር፤ ሳስብ ሄዱ። አሁን ደግሞ እንግዶቹ የሚጎበኙትን ሥራ አስቀድሞ ሊያይ ተመልሶ መጣ። ካኪው የተተኮሰ ነው፤ የሱሪው ስለት እጅ ይቆርጣል።

አዳመጠ። ከዚያ "ምንድነው የሚዘመረው?" አለ።

ፌሮዎቹ ቆሙ። ጋሽ ባሳን አየሁት፤ ያ ዲመካ የሚሰማ ድምፅ የት እንደገባ እንጃ። ራሔል ፌሮዋን እንደ ምርኩዝ ይዛ ቆማለች። ፀሐይ ወጥቷል፣ ግድግዳው ወገቡ ላይ ቆሟል፣ የቦካው ኮንክሪት እየጠነከረ ነው። እውነቴን ነው፣ ከካድሬው ይልቅ የፈራሁት ኮንክሪቱን ነበር። ኮንክሪት ይቅርታ አያውቅም።

"መለኪያ ነው" አልኩ።

"ምን?"

"መለኪያ ነው፣ ጓድ። ሰዓቴ ስለተሰበረ ነው።" ይህን ጊዜ ከገንዳው ወዲያ ማዶ ያሉት ሁሉ ዞረው አዩኝ። ማን ተናገረ ብለው ነው።

ካድሬው ትንሽ አሰበና ፊቱ በራ። ነገሩ መለኪያ ከሆነ የግድ ይኸኛው መሆን የለበትም፤ ወዛደሩ የራሱ የትግል መዝሙር አለው፤ እንግዶቹም ሲመጡ እሱን ቢሰሙ ያምራል። ከኪሱ እስክሪብቶ አውጥቶ እያወዛወዘ ራሱ መምራት ጀመረ።

ለክፋት እንዳልሆነ ዛሬም አምናለሁ። የሰልፍ መዝሙር ግን ለእግር የተሠራ ነው፤ ፌሮው ታች ሳይደርስ ስንኙ ያልቃል። ሁለት ጊዜ ይዘመር ብዬ ለመንኩ። በሁለቱ መካከል መፈክር ገባ። መፈክር ሲባል ደግሞ በዚያ ዘመን የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ አእምሮ ሳያዝ ግራ እጅ ይነሳል። ካድሬው "ይውደም" ሲል ባልዲ የሚያቀብሉት ግራ እጃቸውን አነሱ፤ ባልዲው ከታች ባሉት ላይ ተደፋ። ፌሮ የያዙት ግራ እጃቸውን አነሱ፤ ፌሮው በገዛ ክብደቱ ቀስ እያለ ኮንክሪቱ ውስጥ ሰመጠ። አንደኛው እስከ ዛሬም አልወጣም። እኔም ግራ እጄን አነሳሁ፤ መሰላሉን የያዝኩት በሱ ነበር።

ከወደቅኩበት ስነሳ የሰልፉ መዝሙር ሞቆ ጠበቀኝ። እግር መሬት ይመታል፣ ፌሮ ጣውላ ይመታል። በማዕዘኑ በኩል አንድ ነገር ሲጢጥ አለ። ኮንክሪቱን አቅፎ የያዘው የጣውላ ቅርጽ ድጋፉ ተንሸራትቶ እንደ በላ ሰው ሆድ እየተነፋ ነው። እሱ ከተከፈተ ገንዳው ኮረብታውን ይዞ ወደ ከተማ ይወርዳል። ድጋፍ የሚመታው አናጢ ከላሞች ጋር ሜዳ ላይ ነው።

ጋሽ ባሳ ዘሎ ጀርባውን ጣውላው ላይ ለጠፈ። አንድ ጀርባ አልበቃም። ከሁሉ የሚቀርበው ደግሞ ካድሬው ነበር።

"ጓድ፣ ጀርባዎን" አልኩት።

ዞሮ የተተኮሰውን ጀርባውን ከጋሽ ባሳ ጎን ለጠፈ። ግድግዳው ያዘ። ነገር ግን አቁሙ የሚላቸው ስላልነበረ ሠራተኞቹ በሰልፉ ቀጥለዋል፤ እያንዳንዱ ምት በጣውላው አልፎ የካድሬው አከርካሪ ላይ ያርፋል። ግራጫ ውሃ በኮሌታው ይገባል።

"ጓድ ኢንጅነር፣ ይሄ ነገር ሊወድቅ ነው?"

"በዚህ ሰልፍ ከቀጠልን፣ አዎ።"

"የበፊቱ ቢሆንስ?"

"የበፊቱ ደህና ነበር።"

ወደ ከተማው በኩል አየ። ወደ ራሔል አየ። አንድ ሌላ ምት ጀርባው ላይ አረፈ።

"ያለ ቃል ይሁን" አለ።

ራሔል አፏን ዘግታ ጀመረችው። ሌሎቹ ተቀበሏት። ፌሮዎቹ ረጋ ብለው ይወርዱ፣ ረጋ ብለው ይወጡ ጀመር፤ የጣውላው ሲጢጥታ ቆመ። ከጥቂት ስንኝ በኋላ ከዜማው ሥር አንድ ወፍራም ድምፅ ሲገባ ሰማሁ። ዜማውን አይከተልም፤ ከታች ከታች እየሄደ ይሸከመዋል። በልጅነቱ ከዘማሪዎች መሃል የቆመ ሰው ካልሆነ ያንን ሁለተኛ ድምፅ አያውቀውም። ጋሽ ባሳ ነው ብዬ አየሁት፤ አፉን ከፍቶ ወደ ጎኑ ያያል። ካድሬው ነበር፤ ጀርባው ጣውላው ላይ፣ ዓይኑ ተጨፍኖ።

ማንም አላየውም። ማለቴ፣ ሁሉም በድንገት የየራሱን ፌሮ እጅግ የሚደንቅ ዕቃ አድርጎ ይመለከተው ጀመር።

አውሮፕላኑ መጣ፣ ላሞቹን አየ፣ ዞረ፣ እንደገና አየ፣ በመጨረሻ አረፈ። እንግዶቹ የሚቀበላቸው ቢያጡ ጠይቀው ጠያይቀው ኮረብታውን ወጡ። ከሁሉ የሚበልጡት ሰውዬ ካድሬውን ከጣውላ ጋር ተጣብቆ አገኙት። ለረጅም ጊዜ ቆመው አዩ፣ አዳመጡ። ከዚያ ይህ ምን መዝሙር ነው ብለው ጠየቁ።

የጠዋቱ ጥያቄ ተመልሶ መጣ። ፌሮዎቹ ግን በዚህ ጊዜ አልቆሙም።

"የሲሚንቶ ነው፣ ጓድ" አለ ካድሬው።

"ቃል የለውም?"

"ገና አልተጻፈለትም።"

ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለልማት ሥራ ባህላዊ ዜማ መዋሉ ጥሩ ነው ብለው ወረዱ።

አናጢያችን ከላሞቹ ተርፎ መጥቶ ድጋፉን ሲመታ ሁለቱ ጀርባዎች ተላቀቁ። የካድሬው ካኪ ላይ የጣውላው ጅማት መስመር በመስመር ታትሞበታል። ቅር አላለውም፤ ውሃ ጠጣና እስከ መጨረሻው ባልዲ ድረስ ከእኛ ጋር ዋለ። የመጨረሻው ስንኝ አልቆ ፌሮዎቹ ሲወጡ ዝናቡ ጀመረ፤ ሸራ አልብሰነው ከሥሩ ተቃቅፈን ቆምን። በቀጣዮቹ ቀናት ግድግዳውን በውሃ ማራስ የእኛ ሥራ ነበር፤ ሰማዩ ሠራልን።

ጣውላው ሲነሳ ቀፎ የለም፣ ንብም አያማርርም። ማዕዘኑ ላይ ብቻ የሁለት ጀርባ ስፋት ያላት ትንሽ ሆድ አለች። ገንዳው ተሞልቶ አደረ። በማግስቱ ገና ሳይነጋ መጥቼ በመዳፌ እየዳሰስኩ ዞርኩት፤ ራሔል ከሌላው ወገን እየዳሰሰች መጣችና ማዕዘኑ ላይ ተገናኘን። መዳፏን ዘርግታ አሳየችኝ። ደረቅ ነው። የእኔንም አሳየኋት። ስንወርድ ካድሬው ወደ ላይ ሲወጣ አገኘነው፤ እኔ መለስ ብዬ አይቼዋለሁ። ዙሪያውን ቃኘና ሰው የለም ብሎ ሲያምን ጀርባውን ያቺ ሆድ ላይ ለጠፍ አደረገ። ልኩ ነበረች።

ቦኖው የተከፈተ ዕለት በራሔል ሰፊ ደጅ ላይ ሰው ሞላ። ከራሔል ደጃፍ የተሰለፈው እንስራ እስከ መንገዱ ይደርሳል። ኢንጅነሯ ትናገር ተባለ። ቆምኩ። የማመሰግነው ሰው ብዙ ነበር፤ ያቦኩትን፣ ያቀበሉትን፣ ጀርባቸውን የሰጡትን፣ ዝናቡን፣ ዜማውን። ከዚያ ሁሉ አንድ ቃል ብቻ ወጣ። ከፊት የቆሙት እንኳ አልሰሙትም።

ጋሽ ባሳ ብድግ አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። ምን ሊያደርገኝ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ንዴቴን፣ የተማርኩባቸውን ዓመታት፣ የእነሱን ስንፍና ሁሉ ጠበቅሁ። ወደ ኮረብታው ቀና ብሎ አየ። ውሃው እየወረደባት ያለችውን የራሔልን እንስራ አየ። እኔን አየ።

"አመሰግናለሁ ብላለች" አለና ተቀመጠ።